እውነቱ ተስቆበት፣ ውሸቱ ተደብቆለት የኖረው ጸሐፊ
ጀምስ ብሩስ በጎንደር፦ ከአንድ መንገደኛ ውድቀት የሚቀዳ የኑሮ ምክር

ሊማሊሞ አናት ላይ የጠራ የበጋ ቀን ነበር። ከምጽዋ ተነሥቶ በአድዋና በአክሱም በኩል የመጣው ጉዞ ዳገቱን ጨርሶ አረፍ ብሏል። አገልጋዮቹ ፍየል አርደው ቀቅለዋል፤ ገሚሱ ሥጋ ገና ይፈላል፣ ገሚሱ ወጥቶ ለምሳ ቀርቧል። ከገደሉ በኩል አንድ ግዙፍ አሞራ ዝቅ ብሎ እየበረረ መጣ። አልቸኮለም። ከሰዎቹ መሐል አረፈና እግሩን ከሚፈላው ውኃ ውስጥ ከተተ፤ ሲያቃጥለው አወጣው። ቀጥሎ ከቀረበው ሥጋ አንድ እግርና አንድ ወርች በጥፍሮቹ ነጥቆ በመጣበት ሄደ።

አገልጋዮቹ «ይመለሳል» አሉ፤ አሞራውም ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ግን አንድ ቀይ ጠጉር ያለው፣ ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ስኮትላንዳዊ ጠመንጃውን አጉርሶ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ተኩሶ ጣለው። ሬሳውን ሲያገላብጥ እጁ ላይ ብጫ ዱቄት መሰል አቧራ ቀረ። ይህን ጺማም አሞራ ዛሬም በስሜን ተራሮች ገደላገደል ላይ ሲያንዣብብ ማየት ይቻላል፤ አጥንት ከሰማይ ወደ ቋጥኝ እየጣለ ሰብሮ የሚበላው እሱ ነው። ብረት በበዛበት ቀይ አፈርና ጭቃ ላባውን የማቅለም ልማድ ስላለው፣ ሰውየው እጁ ላይ ያየው አቧራ ከዚያ የመጣ ሳይሆን አይቀርም።

አሞራውን የገደለው የመጀመሪያው ስርቆት አይደለም። ያለ ችግር ካመለጠ በኋላ ሁለተኛ መመለሱ ነው። ገዳዩ ጀምስ ብሩስ ይህን ሁሉ በዓይኑ አይቶ፣ ክንፉን ለክቶ፣ በጽሑፍ ካሰፈረው በኋላ ለራሱ ግን አልተማረበትም።

ዘመኑ የካቲት 1770 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ብሩስ በ1730 ስኮትላንድ ውስጥ ኪኔርድ በተባለ ርስት ተወለደ። የመጀመሪያ ሚስቱ በተጋቡ በወራት ውስጥ በሳንባ ነቀርሳ ሞታበት ፓሪስ ላይ በእኩለ ሌሊት ቀብሯታል። ኋላ በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ። በርስቱ ላይ በሚወጣው የድንጋይ ከሰል ገቢ እየታገዘም የዓባይን ምንጭ ሊፈልግ ወደ አገራችን መጣ። ግእዝ ከመምጣቱ በፊት ከሂዮብ ሉዶልፍ መጻሕፍት አጥንቷል። ጎንደር ላይ ስሙ ያዕቆብ ሆነ፤ እስከ ታኅሣሥ 1771 ድረስም በከተማዋና በአካባቢዋ ቆየ። በ1790 አምስት ቅጽ መጽሐፍ አሳተመ። የዘመነ መሳፍንትን መባቻ፣ የራስ ሚካኤል ስሑልን ቁጣ፣ የወጣቱን የአፄ ተክለ ሃይማኖትን ግብር ማወቅ የሚፈልግ ሰው ይህን መጽሐፍ ሊዘለው አይችልም።

ስለ ድፍረቱ ብዙ ተጽፏል። እኔ ግን ለኑሮዬ የሚሆን ምክር ያገኘሁት ከውድቀቶቹ ነው። ሲያነቧቸው ያስቃሉ፤ ስቀው ሲጨርሱ ያሳዝናሉ።

ቍስቋም

ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ፣ ዳገቱን ወጥተው ጽዱንና ወይራውን አለፍ ሲሉ ደብረ ፀሐይ ቍስቋም ይደርሳሉ። እቴጌ ምንትዋብ ባለቤታቸው አፄ በካፋ ካረፉ በኋላ ያሠሩት ደብርና ቤተ መንግሥት ነው። የአዳራሹ ጣሪያ የለም፤ ግድግዳው ግን ቆሟል። በግድግዳው ላይ በቀላ ድንጋይ የተቀረጹት መስቀሎች ዛሬም ከሌላው ግንብ ተለይተው ይታያሉ። የብሩስ የጎንደር ኑሮ የተጀመረው እዚህ ነው፤ የጀመረውም በፈንጣጣ ነው።

እንግዳው ከተማ ሲገባ የመኳንንቱ ልጆች ታመው ነበር። የሐኪም ትምህርት የለውም፤ በጉዞው የለቃቀመው እውቀትና ብርቱ ልብ ግን ነበረው። የተዘጋውን መስኮትና በር አስከፈተ፣ ንጹሕ አየር አስገባ፣ ዕጣንና ከርቤ አሳጠነ። ሁሉም አልዳኑም። የወይዘሮ አስቴር ልጅ ግን ዳነ። ወይዘሮ አስቴር የእቴጌዪቱ ልጅ፣ የራስ ሚካኤልም ሚስት ናቸውና ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዕቆብ ጠበቃ ሆኑለት። በጎንደር ቤተ መንግሥት ያለ ጠበቃ መኖር በማይቻልበት ዘመን ይህ ከወርቅ ይበልጥ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን እቴጌ ምንትዋብ የመጣበትን ጉዳይ ጠየቁት፤ የዓባይን ምንጭ ለማየት መሆኑን ነገራቸው። እቴጌዪቱ ተገረሙ። የሰጡትን መልስ መዝግቦ ያቆየልን ራሱ ብሩስ ነው። ሐሳባቸው ባጭሩ ይህ ነበር፦ አንተ ከኢየሩሳሌም ተነሥተህ፣ በዚያ ሁሉ በረሃና በክፉ ገዥዎች አገር አልፈህ የመጣኸው ውኃና ረግረግ ለማየት ነው፤ ብታገኘውም ይዘኸው አትሄድ፣ በአገርህ ደግሞ ከሱ የሚሻል ሞልቷል። እኔ የነገሥታት እናት ስሆን የምመኘው ዙፋን አይደለም፤ ኢየሩሳሌም ደርሼ ከመቃብሩ ደጅ ቆሜ ብለምን በወደድኩ ነበር።

ይህን የተናገሩት ሴት ማን እንደነበሩ ማሰብ ያስፈልጋል። ልጃቸውን አፄ ኢያሱን በ1755 ቀብረዋል። የልጅ ልጃቸው አፄ ኢዮአስ ገና ባለፈው ዓመት በራስ ሚካኤል ትእዛዝ ታንቀው ተገድለዋል። ያንኑ ራስ ሚካኤልን ደግሞ አማች ብለው ተቀብለዋል። ሥልጣን ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚወስድ በቤታቸው ያዩ እናት ናቸው። ጎንደር ውስጥ ለብሩስ የተሰጠው ትልቁ ምክር ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ። ሰው የሚደክምለትን ነገር ከመጀመሩ በፊት «ባገኘው ምን አደርገዋለሁ?» ብሎ ራሱን እንዲጠይቅ ይመክራል። ብሩስ ምክሩን በታማኝነት ጻፈው፤ ጫማውን አጥብቆም ወደ ግሽ ሄደ።

በመሐሉ ያሳለፈው የቤተ መንግሥት ኑሮ ለብቻው መጽሐፍ ይወጣዋል። የራስ ሚካኤል ዘመድ ከሆነው ከገብረ መስቀል ጋር በጠመንጃ ጉዳይ ተከራከረና በራሱ መሣሪያ የተጎረሰ የሞራ ሻማ ከባላጋራው የብረት ጥይት ይልቅ እንደሚሠራ ተናገረ። ነገሩ ወደ ድብድብ ሄዶ ደም ፈሰሰ። ኋላ በንጉሡ ፊት ሻማውን አጉርሶ ሲተኩስ ሦስት ጋሻ ደራርቦ በሳ፤ ቀጥሎም የዋርካ ጠረጴዛ በሳ። ያ ሻማ በጎንደር ስሙን ከፍ አደረገለት። ማይጫ ላይ ደግሞ ሌሊት ድንኳኑ ውስጥ ጅብ ገባበት፤ አውሬው በአፉ ሙሉ የያዘው የሞራ ሻማ ነበር። በጦር ወግቶ ጣለው። ሰውን የሚያስከብረው ነገርና ጅብ የሚጠራበት ነገር አንድ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ታሪክ አላውቅም።

ግሽ

ኅዳር 4 ቀን 1770 ብሩስ ሰከላ ደረሰ። ምንጩ በአገው ሰዎች ዘንድ የተከበረ ስለሆነ ጫማ ማውለቅ ግድ ነበር። በባዶ እግሩ ቁልቁል ሮጠ። ሜዳው አበባ ለብሷል፤ የአበቦቹ ሥር እየጠለፈው ሁለት ጊዜ ክፉኛ ወደቀ። ተነሥቶ ከረግረጉ ዳር ቆመ። በኮኮነት ቅል ውኃ ቀድቶ ለንጉሡ ለጊዮርጊስ ሦስተኛ ጤና፣ ለሩስያዪቱ ንግሥት ለካትሪንም ጤና ጠጣ። ጓደኛው ስትራቴስ የተባለ ግሪካዊ ነበር።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ወዲያው ከባድ ሐዘን እንደተጫነው ራሱ ጽፏል። የናፈቀው ነገር ከፊቱ ነው፤ እቴጌ ምንትዋብ እንዳሉትም ረግረግ ሆኖ አገኘው። የመመለሻው መንገድ፣ የሞት አደጋው፣ ድካሙ ሁሉ አንድ ላይ መጣበት። እቴጌዪቱ ያሉት በልቡ ሳይሰማው አልቀረም።

ቦታው ደግሞ «ያልታወቀ» አልነበረም። የአገው ሰው እዚያው ተወልዶ እዚያው ይኖራል፤ ምንጩን በአደራ የሚጠብቁ ባላባት ነበሩ። ከፈረንጅም ቢሆን ካህኑ ፔድሮ ፓኤዝ ሚያዝያ 1618 ላይ ቆሞ አይቶታል። ከእሱ በኋላ ጀሮኒሞ ሎቦ ስለ ምንጩ ጽፏል። ብሩስ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው የደረሰው። ይህን ማመን አቃተውና በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ ገጽ የፈጀው ፓኤዝ ምንጩን አላየም ብሎ በመከራከር ነው። ሁለተኛ መሆን ምንም የማያሳፍር ሆኖ ሳለ፣ አንደኛ ነኝ ለማለት ሟች ካህን መክሰስ አስፈለገው። ሊማሊሞ ላይ የገደለው አሞራ እንዳደረገው ሁሉ፣ ያገኘው አልበቃ ብሎት ተመለሰ።

ሟቹ ሠዓሊ

አሁን ከሁሉ ወደሚከብደው እመጣለሁ።

ብሩስ ከኢጣልያ የቀጠረው ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለ ሠዓሊ ነበረው። የቦሎኛ ሰው ነው፤ በ1737 ተወለደ። በሰሜን አፍሪካ የሮማውያንን ፍርስራሽ ሕንፃዎች አብረው ዞሩ። ቀይ ባሕርን አብረው ተሻገሩ። ሊማሊሞን አብረው ወጡ። የአገራችንን እፅዋት ቅጠል በቅጠል፣ ወፎቹን ላባ በላባ የሣለው ባሉጋኒ ነው። በየቀኑ የአየሩን ሁኔታም ይመዘግብ ነበር። ግሽ ላይም ከብሩስ ጋር ነበር።

በ1771 መጀመሪያ ጎንደር ላይ በተቅማጥ በሽታ ሞተ። ዕድሜው ከሠላሳ አምስት ዓመት አይበልጥም። ዘመድ የለው፣ አገር የለው።

ብሩስ መጽሐፉን ሲጽፍ ባሉጋኒ የሞተው ወደ ምንጩ ከመሄዳቸው በፊት እንደሆነ አድርጎ አቀረበ። በአንድ የብዕር ጭረት ያ ሁሉ የግሽ መንገድ ከሟቹ ተወሰደ። ሥዕሎቹም የብሩስ ሥራ ተብለው ታዩ። እውነቱ የወጣው ብሩስ ራሱ ከሞተ በኋላ ወረቀቶቹ ሲመረመሩ ነው፤ ሟቹ ሠዓሊ በገዛ እጁ የያዘው መዝገብ መሰከረለት። ዛሬ ሥዕሎቹ አሜሪካ ውስጥ በዬል ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ፤ ባለቤታቸውም ባሉጋኒ መሆኑ ይታወቃል።

ይህን ሳነብ የሚያናድደኝ የብሩስ ሌላው ገጽታ ነው። እቴጌ ምንትዋብ ሞኝነቱን የነገሩትን ቃል የጻፈ ሰው ነው። ግሽ ላይ ሁለት ጊዜ መውደቁን የጻፈ ሰው ነው። ራሱን የሚያሳፍር ነገር ለመጻፍ ድፍረት ነበረው። የሞተ ጓደኛውን ድርሻ ለመጻፍ ግን አልነበረውም። ለምን? መሳቂያ መሆን ክብሩን አልቀነሰበትም፤ ክብርን ከሌላ ሰው ጋር መካፈል ግን ከበደው። ብዙዎቻችን በመሥሪያ ቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በቤተሰብ ውስጥ የምናደርገው ይህንኑ ነው። ስሕተታችንን በጨዋታ እናወራለን፤ አብሮን የደከመውን ሰው ግን ከታሪኩ እናወጣዋለን።

ለንደን

መመለሻው መከራ ነበር። ግንቦት 1771 ሰርባኩሳ ላይ በተደረገው ጦርነት ንጉሡ 184 ቀለበት ያለው የወርቅ ሐብል ሸልመውት ነበር። ሰናር ላይ ሲቸግረው ያን ሐብል እየቆረጠ ሸጠው። የኑብያን በረሃ ሲያቋርጥ ግመሎቹ አለቁ፤ ወረቀቶቹንና መሣሪያዎቹን አሸዋ ላይ ጥሎ በእግሩ አስዋን ገባ፤ ኋላ ተመልሶ አገኛቸው። ፓሪስ ደርሶ ከጎንደር ካመጣቸው ሦስት የመጽሐፈ ሔኖክ ቅጂዎች አንዱን ለንጉሥ ሉዊ 15ኛ ቤተ መጻሕፍት ሰጠ። ንጉሡ በ1774 በፈንጣጣ ሞቱ። ቍስቋም ላይ የመኳንንት ልጆችን ከዚያው በሽታ ያዳነው ሰው ለእሳቸው ያመጣላቸው ግን መጽሐፍ ነበር።

አጭቶ የተዋት ሴት፣ ማርጋሬት ሙሬይ፣ ሞቷል ብላ ከኢጣልያ መኳንንት አንዱን አግብታ ጠበቀችው። ከአሥር ዓመት በላይ ርቆ የኖረ ሰው ነው። ሮም ድረስ ሄዶ ባልየውን ይቅርታ እንዲጠይቀው ፎከረበት፤ ባልየውም የማላውቀው ጉዳይ ነው ብሎ ጻፈለት። በዚህም ምክር አለ፤ ያጠፋው እሱ ራሱ ሳለ ይቅርታ ጠይቀኝ ያለው ግን ምንም ያላጠፋውን ሰው ነው።

ለንደን ላይ በመጀመሪያ ሁሉም ከበበው፤ ቀጥሎ ሁሉም ሳቀበት። በተለይ ነፍሷ ካልወጣች ላም ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ማለቱ እንደ ዓይነተኛ ቅጥፈት ተቆጠረ። የሎቦን መጽሐፍ በወጣትነቱ የተረጐመው ታላቁ ጸሐፊ ሳሙኤል ጆንሰን ተጠራጠረው። አንድ ቀን ዘመድ ቤት ተቀምጦ ሳለ አንዱ እንግዳ ጥሬ ሥጋ ሊበላ አይችልም አለ። ብሩስ ምንም ሳይናገር ወጣ፤ ጨውና በርበሬ የተነሰነሰበት ጥሬ ሥጋ ይዞ ተመለሰ። ወይ ይህን ትበላለህ፣ ወይ ከኔ ጋር ትዋጋለህ አለው። እንግዳው በላ። ብሩስም አሁን የማይቻል እንዳልሆነ ገባህ አለው። ጎንደር ቢሆን አዋዜና ጠጅ ይቀርብ ነበር፤ ክርክሩም በሳቅ ያልቅ ነበር። ሰው አምኖ እንዲቀበል በግድ ያበሉት እውነት በሆድ ይገባል እንጂ በልብ አይገባም። እንግዳው ከዚያ ወዲያ ብሩስን መፍራት እንጂ ማመን ጀምሯል ብዬ አልገምትም።

የከፋው ስሕተቱ ኩርፊያው ነው። ተናድዶ ወደ ርስቱ ገባና ዝም አለ። በ1776 ሁለተኛ ሚስት አገባ፤ በ1785 እሷም ሞተች። ሐዘኑን ለመርሳት ወዳጆቹ ሲገፋፉት ነው መጻፍ የጀመረው። ለንደን ከመግባቱ እስከ መጽሐፉ መውጣት 16 ዓመት ሄደ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስሙን የያዙት ቀልደኞቹ ነበሩ፤ መጽሐፉ ከወጣ በኋላ እንኳ፣ በ1792 የታወቀው የቅጥፈት መጽሐፍ የባሮን ሙንካውዘን ተከታይ ሲታተም በመጀመሪያው ገጽ የተበረከተው ለእሱ ነበር። በኩርፊያ የተዘጋ አፍ ለሐሜተኛ ሰፊ መድረክ ይሰጣል።

ካልካታ

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። የብሩስን እውነት ያጠራው ግን የእንግሊዝ ሊቅ ሳይሆን የጎንደር ሰው ነው። መጽሐፉ ገና ሳይታተም፣ አብርሃም የተባለ ጎንደሬ ሕንድ አገር ካልካታ ደርሶ ሰር ዊልያም ጆንስ ከሚባለው የቋንቋ ሊቅ ጋር ተገናኘ። ጆንስ ስለ ጎንደር ከተማና ስለ ዓባይ ምንጭ ጠየቀው፤ ንግግራቸውን በ1788 አሳተመው። ያዕቆብ የተባለው ፈረንጅ በቤተ መንግሥቱ የታወቀና የተከበረ እንደነበረ ያ የአገር ልጅ መሰከረ። አንዳንድ አጥኚዎች ይህ ሰው ኋላ ካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ የተረጐመው አቡ ሩሚ ነው ብለው ያምናሉ፤ እንደዚያ ከሆነ ለብሩስ የመሰከረው የአማርኛ ጽሑፍ ባለውለታ ነው። በተጓዡ በሄንሪ ሶልት መጽሐፍ በ1814 የወጣው የናትናኤል ፒርስ ምስክርነትም ብሩስ ስለ ሥጋው የተናገረው ውሸት እንዳልነበረ አሳየ። የሔኖክ መጽሐፍ በ1821 ከግእዝ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጉሞ ታተመ፤ የተተረጐመው ብሩስ ካመጣው ቅጂ ነው። በሆድ በሽታ ታሞ ሳለ ያዳነው ዋጊኖስ የተባለው ቁጥቋጦ በሳይንስ ስሙ እስከ ዛሬ የብሩስን ስም ይዟል።

ብሩስ ይህን ማየት አልቻለም። ሚያዝያ 1794 ኪኔርድ ቤቱ ግብዣ አድርጎ ነበር። አንዲት አሮጊት እንግዳ ወደ ሠረገላ ሲሄዱ ሊደግፍ ፈጥኖ ወጣ፤ ከደረጃው ላይ እግሩ ተሰናክሎ በራሱ ወደቀ፤ በማግሥቱ ሞተ። ሊማሊሞን፣ ሰርባኩሳን፣ የኑብያን በረሃ ያለፈ ሰው በገዛ ቤቱ ደረጃ ነው የጠፋው። ከሞቱ አሟሟቱ ይላል የአገሬ ሰው፤ ይህ አሟሟት ግን ለእኔ የሚያሳፍር አይደለም። በመጨረሻዋ ሰዓት የሮጠው ለራሱ ክብር ሳይሆን ለሌላ ሰው ነበርና።

ያዕቆብን ከጎንደር ታሪክ ማውጣት አይቻልም፣ አይገባምም። ፍርዴ ግን ይህ ነው፤ ለእውነቱ የተሳቀበት ያለ ጥፋቱ ነው፣ በባሉጋኒ ላይ የሠራው ግን ጥፋት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያካክስም። ስለዚህ ለጎንደር አስጎብኚዎች፣ ለዩኒቨርሲቲው መምህራንና ቍስቋም ለሚወጣ መንገደኛ ሁሉ የምለው አለኝ። የብሩስን ስም ስታነሡ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ሞቶ የቀረውን የሉዊጂ ባሉጋኒን ስም፣ ካልካታ ላይ ቆሞ የመሰከረውን የጎንደሬውን አብርሃምንም ስም አብራችሁ አንሡ።